ቢጫ ጸናጽል፦ የሣርን ጉልበት የሚሰብረውን አበባ ለማብቀል የትኛው መንገድ ያዋጣል?

አቀንጭራን የሚያውቅ ሰው ስለዚህ አበባ ሲነገረው «ጥገኛ ተክል ደግሞ ተገዝቶ ይዘራል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። እውነትም ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ኦሮባንኬሲ ከሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ የተገኙ ከፊል ጥገኛ ተክሎች ናቸው፤ አረንጓዴ ቅጠል ስላላቸው ከፀሐይ ብርሃን የራሳቸውን ምግብ ይሠራሉ፣ ውሃውንና ማዕድኑን ግን የጎረቤታቸውን ሥር ወግተው ይጠባሉ። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። አንዲት የአቀንጭራ እግር አቧራ የሚያክል ዘር በአሥር ሺዎች ታራግፋለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ አድፍጦ፣ የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ብቻ ይበቅላል። ገበሬውን የሚያስጨንቀው እንዴት ላጥፋው የሚለው ነው።

ዛሬ የምናወራለት አበባ ደግሞ የሚያስጨንቀው እንዴት ላቆየው ብሎ ነው። ዘሩ ትልቅ፣ ቁጥሩም ትንሽ ነው፤ አፈር ውስጥ ያለው ዕድሜ ከአንድ ዓመት እምብዛም አያልፍም። ዘንድሮ ዘር ካልጣለ ለከርሞ የለም። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው፦ ሕያው ዘር፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ እርቃን አፈር ላይ ያርፋል ወይስ አያርፍም?

ስለ ስሙ። ሳይንሳዊ ስሙ ሪናንተስ ማይነር ነው፤ «ሪናንተስ» ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን የአፍንጫ አበባ እንደ ማለት ነው፣ አበባውን ከጎን ላየው ቆልመም ያለ አፍንጫ ይመስላል። እንግሊዞች የሎው ራትል ይሉታል፤ ሲደርቅ ዘሮቹ በከረጢቱ ውስጥ ነፋስ በነካው ቁጥር ኮሽ ኮሽ ይላሉና። የታወቀ የአማርኛ ስም ስለሌለው እኔ «ቢጫ ጸናጽል» እያልኩ እቀጥላለሁ። ስለ ወራትም አንድ ነገር ላስቀድም። ክረምትና በጋ ብዬ ብጽፍ ዝናቡና ብርዱ ስለሚምታቱ በፈረንጆቹ ወራት እናገራለሁ፤ መኸር ስል ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር፣ ጸደይ ስል ከማርች እስከ ሜይ ማለቴ ነው። ወራቱ ለሰሜኑ የምድር ክፍል ናቸው፣ በደቡብ ያለ አንባቢ ስድስት ወር ያዙራቸው።

ለምን ይፈለጋል?

የአበባ መስክ ጠላቱ ድርቅ ወይም በሽታ ብቻ አይደለም፤ ጠንካራ ሣርም ነው። ለም አፈር ያገኘ ሣር ተንጠራርቶ ስስ አበቦችን በጥላው ይገድላቸዋል። ቢጫ ጸናጽል የሣሩን ሥር እየጠባ ቁመቱንና ጉልበቱን ይቀንሰዋል፣ በመካከል ለሌሎች አበቦች ክፍተት ይፈጠራል። በእንግሊዝና በዌልስ ቆላ ከነበረው የተፈጥሮ የአበባ መስክ ከ1930ዎቹ እስከ 1984 ባለው ጊዜ 97 በመቶው ጠፍቷል ተብሎ ይገመታል፤ የቀረውን መልሶ ለማልማት በሚደረገው ጥረት ይህ ተክል ግንባር ቀደሙ ረዳት ሆኗል። ቀድሞ ግን ድርቆሽ የሚያመርቱ ገበሬዎች ምርታችንን ይቀንስብናል ብለው ይጠሉት ነበር። ነገሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚፈለገው ነው።

አስተናጋጅ መምረጥ ላይ ብዙም አይኮራም። ወደ 50 የሚጠጉ ተክሎችን ሥር ሲጠባ ተገኝቷል፤ አንዱ እግር በአንድ ጊዜ ከብዙ ጎረቤት ይጠባል። የሚመርጠው ሣርንና እንደ ማገጥ ያሉትን የጥራጥሬ ዘመዶች ነው። ጦር መሰል ቅጠል ያለው ፕላንታጎና ነጩ የመስክ ዴዚ ግን አይበገሩለትም፤ ዴዚዋ ሥሯን በእንጨት መሰል ግድግዳ ታጥራለች፣ ፕላንታጎው ደግሞ የተወጋበት ቦታ ያሉ ሴሎቹን ገድሎ መንገዱን ይዘጋበታል። ለዚህ ነው ጸናጽሉ ሣሩን ሲያደክም እነዚህ ሁለቱ የሚደሰቱት።

ከዘመዶቹ ጋር ሲነጻጸር

የመጀመሪያው ምርጫ ከእነማን መካከል ነው? ዓመታዊ፣ ማለትም በአንድ ዓመት በቅለው ዘር ጥለው የሚሞቱ፣ ከፊል ጥገኛም የሆኑ የመስክ አበቦች ብዙ ናቸው፤ አራቱን ላስተያይ።

ቢጫ ጸናጽል ከ15 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ከሜይ እስከ ጁላይ ያብባል፣ ዘሩ ጁላይ ላይ ይበስላል። ሣርን ማድከም ዓላማዎ ከሆነ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ዩፍሬዥያ ትንሿ እህት ናት። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር አትበልጥም፤ ነጭ አበባዋ ላይ ሐምራዊ መስመርና ቢጫ ነጠብጣብ አላት። ውበቷ በጉልበት ተንበርክኮ ለሚያይ ሰው ነው። ረጅም ሣር ውስጥ ከገባች ታፍና ትሞታለች፤ ስለዚህ አፈሩ ደሃ፣ ሣሩም ከመነሻው አጭርና ስስ በሆነበት ቦታ ብቻ ትመረጣለች። ጸናጽል ሣሩን ሁለት ሦስት ዓመት ካደከመው በኋላ ዩፍሬዥያን ማስከተል ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመር ግን ዘር መጣል ነው።

ኦዶንታይተስ የሚባለው ባለ ሮዝ አበባ ደግሞ የሰውና የከብት እግር የሚረግጠውን፣ የተጠቀጠቀውን ዳር ዳሩን ይወዳል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ስለሚያብብ ሌላው አበባ ሲያልቅ ንቦችን ያበላል፤ እንዲያውም ሜሊታ ትሪሲንክታ የምትባል ብቸኛ ኑሮ የምትኖር ንብ የአበባ ዱቄት የምትሰበስበው ከእርሱ ነው። ችግሩ ዘሩ ዘግይቶ ስለሚበስል በጁላይ የሚታጨድ መስክ ውስጥ አይበረክትም። ጸናጽልንና ኦዶንታይተስን አንድ ላይ የሚፈልግ ሰው መስኩን ለሁለት ከፍሎ በተለያየ ጊዜ ማጨድ አለበት።

አራተኛው በአሜሪካ የሚገኘው ካስቲሌያ ነው፤ ከዝርያዎቹ መካከል ዓመታዊ የሆነው ካስቲሌያ ኢንዲቪሳ በቴክሳስና በአካባቢው ግዛቶች ይበቅላል። ቀይ ሆኖ የሚታየው ቅጠል መሰል ሽፋኑ ነው፤ አበባው ራሱ ውስጡ ተደብቋል። የሚበቅለውም በመኸር ነው፤ ቀዝቃዛውን ወራት መሬት ላይ ተኝቶ አሳልፎ ከማርች እስከ ሜይ ያብባል። የግብጦ ዘመድ የሆነው ሉፒን አጠገብ ከተዘራ የሉፒኑን መራራ ኬሚካል ጠብቶ ራሱን ከሚበሉት ነፍሳት ይከላከልበታል። ይህን ሳነብ ከአበባው ይልቅ ብልጠቱ ነው ደስ ያለኝ። ነገር ግን ለሣር ማድከሚያ የሚመረጥ አይደለም፤ በተወለደበት ምድር ለውበት ይዘራል።

«በተወለደበት ምድር» ያልኩት በምክንያት ነው። ጥገኛ ተክልን ተፈጥሯዊ መኖሪያው ወዳልሆነ አገር ወስዶ መዝራት አይገባም። ቢጫ ጸናጽል በአውሮፓ፣ በምዕራብ እስያና በሰሜን አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኝ ነው። ዘመዱ አቀንጭራ ያደረሰውን ያየ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ መስማት አያስፈልገውም። በዚያ ላይ ብርድ በሌለበት ቦታ ዘሩ አይነቃም፤ ለመብቀል ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ወይም በዚያ አካባቢ የሆነ እርጥብ ብርድ ለሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

መሬቱ፦ ሦስት ዓይነት ሣር፣ ሦስት ዓይነት ትዕግሥት

ቀላሉ መሬት ለዓመታት ማዳበሪያ ያልነካው፣ ሣሩ ስስ የሆነ፣ ከላይ ሲታይ እዚህም እዚያም አፈር ብቅ የሚልበት ነው። እዚህ ብዙ ልፋት የለም፤ ወደ ዘሩ ይለፉ።

ሁለተኛው የጓሮ ሣር ነው፤ በየሳምንቱ የሚታጨድ፣ አልፎ አልፎም ማዳበሪያ የሚሰጠው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሥሩ ሰፍቶ የተጠላለፈ ስለሆነ ዘሩ አፈር ላይ ሳይደርስ በደረቅ ሣር ምንጣፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማዳበሪያውን ማቆም፣ የታጨደውን ሁልጊዜ አንስቶ መውሰድና በመኸር አጥብቆ መቧጠጥ ያስፈልጋል። ይህ ከተደረገ በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት፣ በሁለተኛው ብዙ ይወጣል።

ሦስተኛው ለም፣ ወፍራምና ቁጥቋጦ የሚመስል ሣር የወረረው ነው፤ ለመኖ የሚዘራው ብርቱ ሣር፣ ራይግራስ፣ ከሆነ ይባስ። ብዙዎች «ሣርን የሚያደክም ተክል ነውና ጠንካራ ሣር ላይ ይዘራ» ይላሉ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ጸናጽሉ ሣሩን የሚያደክመው ካደገ በኋላ ነው፤ ማርችና ኤፕሪል ላይ ገና ቡቃያ እያለ ብርሃን ከተከለከለ ይሞታል። ለም መሬት ላይ ያለ ሣር ደግሞ በዚያው ወቅት ነው የሚፈነዳው። እዚህ ላይ ዘር ለመግዛት አይቸኩሉ። አንድ ሙሉ ዓመት ደጋግሞ ማጨድና ሣሩን ከቦታው ማውጣት ይቅደም። ቦታው ትንሽ ከሆነ ሣሩን ከነሥሩ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ገፎ ማንሳት ይቻላል፤ አድካሚ ነው፣ ግን አንድ ዓመት ይቆጥባል። ዙሪያውን ሣር ይተዉ፤ ጸናጽሉ የሚጠባው ጎረቤት ካላገኘ ቀጭጮ አንድ ሁለት አበባ አውጥቶ ያልፋል።

ባዶ መሬት ላይ አዲስ የአበባ መስክ የሚዘራስ? በመኸር የሚዘራ ከሆነ ጸናጽሉን ከሌላው ዘር ጋር ደባልቆ መዝራት ይቻላል። በጸደይ የሚዘራ ከሆነ ግን ጸናጽሉን ለመጪው መኸር ያቆዩት፤ እስከዚያ ሣሩም ሥር ይይዛል።

ዘሩ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚወድቀው፣ እኔም የወደቅሁበት። መጀመሪያ የዘራሁት በማርች ነበር፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል ቆንጆ ነበር፣ ዘሩ መቼ እንደተሰበሰበ ግን አልተጻፈበትም። አንድም አልበቀለም። በዓመቱም ቦታውን እየዞርኩ አየሁ፤ አሁንም የለም። ዘሩ ማሸጊያው ውስጥ ሳለ ሞቶ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስለዚህ የታሸገ ዘር የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የተሰበሰበው ዘንድሮ ነው ወይ? ሻጩ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው ይለፉት። የዋጋው ርካሽነትም ሆነ የማሸጊያው ውበት ያለፈ ዓመት ዘር ሕያው አያደርገውም። ታማኝ ሻጮች ዘሩን ከኦገስት ጀምሮ እስከ መኸሩ መጨረሻ ብቻ ይሸጡና ያቆማሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሸጥ ካዩ ይጠርጥሩ። ሌላው ነገር የዘሩ ምንጭ ነው፤ ከአካባቢዎ መስክ የተሰበሰበ ዘር የአካባቢውን ብርድና አፈር ስለለመደ ከሩቅ ከመጣው ይመረጣል። መጠኑ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ግራም ይበቃል። አንድ ግራም ውስጥ ጥቂት መቶ ዘር አለ፤ በእጅ እኩል ለመበተን ስለሚያስቸግር ከደረቅ አሸዋ ጋር ይደባልቁት።

ከተገዛው የሚሻለው በገዛ እጅ የተሰበሰበ ነው። ባለቤቱ የፈቀደ መስክ በአቅራቢያ ካለ፣ ጁላይ ላይ ከረጢቱ ቡናማ ሆኖ ኮሽ ማለት ሲጀምር ጭንቅላቱን በወረቀት ከረጢት ውስጥ ጎንበስ አድርጎ ማራገፍ ነው። ፕላስቲክ አይሁን፤ ያልቡና ይሻግታል። ዘሩ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ዳሩ ላይ ስስ ክንፍ ያለው፣ አራት አምስት ሚሊ ሜትር የሚሆን ነው። ከአንድ ቦታ ሁሉንም አይሰብስቡ፤ እዚያም ያለው ለከርሞ የሚተማመነው በዚያው ዘር ነው። የተሰበሰበው በሳምንታት ውስጥ ይዘራ።

ሰፊ ቦታ ላለው ደግሞ ከሁሉም የምመርጠው እርጥብ ድርቆሽ ነው፤ ማለትም ዘሩ እንደበሰለ የታጨደን የአበባ መስክ ሣር ገና እርጥብ ሳለ አምጥቶ በተዘጋጀው መሬት ላይ መበተን። ጸናጽሉ ብቻ ሳይሆን አብረውት የኖሩት አበቦችም ይመጣሉ። ነገር ግን ይህ መንገድ ቀጠሮ አያውቅም። ጠዋት የታጨደው በዚያው ቀን መበተን አለበት፤ ተከምሮ ካደረ ይግላል፣ ዘሩ ይበላሻል። የተቀባዩ መሬት ስፋት ከሰጪው እኩል እስከ ሦስት እጥፍ ቢሆን ነው የሚመከረው። መኪናው፣ አጫጁ፣ የአየሩ ጠባይና የባለመስኩ ፈቃድ በአንድ ቀን ካልተገናኙ አይሆንም። ለጥቂት ካሬ ሜትር ጓሮ ይህን ሁሉ መልፋት ትርፉ ድካም ነው።

በችግኝ መልክ መግዛትስ? በትሬይ ውስጥ ከሣር ጋር አብሮ የበቀለ የጸናጽል ችግኝ የሚሸጡ አሉ። እኔ አልመክርም። ይህ ተክል የሚኖረው ከጎረቤቱ ሥር ጋር ባለው ስስ ግንኙነት ነው፤ ሲነቀልና ሲተከል የሚበጠሰው እሱ ነው። ቅጠሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም እንደ ሌላው ተክል ሌሊት አይዘጉም፤ ውሃ ለመሳብ ሲል ቀንም ሌሊትም ሲያስተንን ይኖራል። ግንኙነቱ በተቋረጠ ሰዓት በቶሎ የሚጠወልገው ለዚህ ነው። በልጆች ፊት ለማሳየት፣ ሳህን የሚያህል ቦታ ላይ ለመሞከር ይሆናል፤ መስክ ለመጀመር ግን ለሃያ ችግኝ የሚወጣው በሺህ የሚቆጠር ዘር ይገዛል።

የመጨረሻው አማራጭ መኸሩ ላመለጠው ሰው ነው። ትኩስ ዘርን ከእርጥብ አሸዋ ጋር ደባልቆ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶ ቤቱ ውጭ፣ ለሁለት ሦስት ወር አቆይቶ በጸደይ መጀመሪያ መዝራት ይቻላል። ይሠራል፣ ግን ጣጣው ብዙ ነው፤ ዘሩ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ሥር ማውጣት ይጀምርና ሲበትኑት ይሰበራል። ከፌብሩዋሪ የፍሪጅ ሥራ የኖቬምበር የአንድ ሰዓት ሥራ ይቀላል። ዲሴምበር ላይም ቢሆን መሬቱ በበረዶ ካልጠነከረ ውጭ መዝራቱ ይሻላል።

መቧጠጥ

እዚህ ላይ አላሳጥርም፤ ብዙ ሰው ዘሩን ገዝቶ ሥራውን ጨረስኩ የሚለው እዚህ ነው። ሣሩን መጀመሪያ እስከ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ አጭዶ ማንሳት። ከዚያ ባለ ብረት ጥርስ መቧጠጫ ይዞ የቦታው ግማሽ ያህል አፈር እስኪታይ መቧጨር። ሲጨርሱ መስኩ የተበላሸ ከመሰለዎት በትክክል ሠርተዋል። ጥቂት ካሬ ሜትር ከሆነ በእጅ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የሣር ምንጣፍን የሚቧጥጥ ማሽን መከራየት ወገብን ያድናል። ከብት ያለው ሰው ደግሞ ከብቶቹን በመኸር ለቆ ሣሩንም እንዲበሉ፣ በሰኮናቸውም አፈሩን እንዲከፍቱ ማድረግ ይችላል፤ ይህ ከማሽኑም ይሻላል፣ ሰኮና የረገጠው ጉድጓድ ዘርን ይይዛልና።

ዘሩ ከላይ ይበተን፣ አይቀበር። በእግር መርገጥ ወይም ሮለር ማስኬድ አፈር እንዲነካ ያደርገዋል፤ ከዚያ በላይ ውሃ ማጠጣትም፣ ኮምፖስት ማልበስም የለም። ኮምፖስት ማልበስ ጠላትን መቀለብ ነው።

አጨዳው፦ ቀኑ ከመሣሪያው ይበልጣል

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ቡቃያው ብቅ ማለት ይጀምራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ጁላይ ማጨጃ አይነካውም። ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ የሚወጡት ቅጠሎች ዳራቸው እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ አንዴ ዓይን ከለመዳቸው አይጠፉም።

መቼ ይታጨድ ለሚለው ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ የቀን መቁጠሪያ የሚይዝ ነው፤ «ጁላይ አጋማሽ» ይላል። ሌላው ጆሮውን የሚያምን ነው፤ መስኩ ውስጥ ሲሄዱ እግር ሥር ኮሽ ኮሽ ካለ ደርሷል ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ሞቃት ዓመት ላይ ዘሩ ቀድሞ ይበስላል፣ ዝናባማ ዓመት ላይ ወደ ኦገስት ይገፋል፤ ቀን ቆጥሮ ያጨደ ሰው አረንጓዴ ከረጢት አጭዶ የዓመቱን ዘር ያጣል። ጥርጣሬ ካለዎት አሥር ቀን ማዘግየት ምንም አይጎዳም፣ አሥር ቀን ማስቀደም ግን ሁሉንም ያጠፋል።

ከመሣሪያዎቹ ማጭድና ረጅም እጀታ ያለው የእጅ ማጨጃ ይሻላሉ፤ ግንዱን ሳይከታትፉ ያስተኙታል፣ ሲደርቅ ዘሩ በቦታው ይራገፋል። ገመድ የሚያሽከረክረው ሞተር ማጨጃም ይሆናል። ሣሩን ወደ ከረጢት የሚሰበስበው የጓሮ ማጨጃ ግን በዚህ የመጀመሪያ አጨዳ አይሁን፤ ዘሩን ከሣሩ ጋር ይወስደዋል። በራሱ የሚዞረው ሮቦት ማጨጃ ደግሞ ከጸናጽል ጋር በአንድ መስክ አይኖርም። የታጨደውን ሁለት ሦስት ቀን እዚያው አገላብጦ ማድረቅ፣ አራግፎ ማንሳት። ማንሳቱ የግድ ነው፤ ጥገኛ ተክሎች የጠቡት ማዕድን በአካላቸው ስለሚከማች ሲበሰብሱ አፈሩን መልሰው ያለመልሙታል፣ ሣሩም ያገግማል።

ከዚያ በኋላ እስከ ብርዱ ድረስ ሣሩ በወጣ ቁጥር ማጨድ ወይም ማስጋጥ ይቻላል፤ ለቡቃያው ብርሃን የሚያገኝለት ይህ ነው። ጃኑዋሪ ላይ ያቁሙ።

ሲጠፋና ሲበዛ

ሁለተኛው ዓመት ላይ ከመጀመሪያው ያነሰ ካዩ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ቀድሞ ታጭዷል፣ በመኸር ሣሩ ሳይታጨድ ቀርቶ ምንጣፍ ሆኗል፣ ወይም ጸደዩ ደርቆ ቡቃያው ሥር ሳይይዝ ሞቷል። የመጨረሻው በእጅዎ የለም። ለዚህ ነው ከሰበሰቡት ዘር ላይ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየመኸሩ ትንሽ ትንሽ መጨመር የሚጠቅመው። ዘሩ ከባድ ስለሆነ ከእናቱ ብዙም አይርቅም፤ አብዛኛው በአንድ ሁለት ሜትር ውስጥ ይወድቃል። ሰፊ መስክን በአንዴ በስሱ ከመዝራት ጥቂት ቦታዎችን ጥቅጥቅ አድርጎ ዘርቶ በየዓመቱ ዘሩን ወደ ጎን ማሻገር ይሻላል። ቦታ መቀያየሩም አያስደንግጥዎ፤ አንዱን ጥግ አድክሞ ሣሩ ሲሳሳበት ወደ ሌላው ይሄዳል።

አልፎ አልፎ ደግሞ ይበዛል። ለከብት ድርቆሽ የሚያመርት ሰው ምርቱ በግልጽ ሲቀንስ ያያል፤ ተክሉ ኦኩቢን የሚባል መራራ ንጥረ ነገር ስላለው ድርቆሹ ውስጥ ሲበዛ ለእንስሳትም አይመከርም። በቼክ ሪፐብሊክ ተመራማሪዎች የጸናጽልን ወንድም፣ ግዙፉንና ጸጉራሙን ሪናንተስ አሌክቶሮሎፈስን፣ ካላማግሮስቲስ የሚባለውን ወራሪ ሣር ለማድከም ሲዘሩት ይህን ጉልበቱን በበጎ ተጠቅመውበታል። ከበዛብዎ ግን መድኃኒት መርጨት የለም፣ መንቀል የለም። አበባው ፈክቶ ዘሩ ሳይበስል፣ ጁን ላይ አንድ ጊዜ ሙሉውን ማጨድ ነው። አንድ ጥግ ብቻ፣ ሁለት ካሬ ሜትር ያህል፣ ሳይታጨድ ይቅር፤ በሚቀጥለው ዓመት ሐሳብዎን ከቀየሩ ዘሩን የሚያገኙት ከዚያ ነው።